አረንጓዴ ክዳን ያላቸው ጎማዎች

ክቡራትና ክቡራን፤ የጋራዡና የስምሪት ክፍሉ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለ መጣችሁ፣ ስለ ሰጣችሁኝም ራዲዮ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ወጥ ያለ ረዳት የሠሩትን የክበባችንን ወይዘሮ ጠጄን ደግሞ ለይቼ አመሰግናለሁ። የመድረኩ መሪ ጓድ ሊቀ መንበር «ጋሽ ወልደሚካኤል አጠር ያለ ንግግር ያደርጋሉ» ብለው አስተዋውቀውኛል። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም፤ እኔ አልነገርኋቸውም።

በዚህ በቃሊቲ ግቢ የጎማ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስኖር ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። በክሪክ ፋንታ ድንጋይ ደርድሮ መኪና በሚያነሣ መካኒክ ተናድጃለሁ። «ጎማዎቹ ፈነዳ» ብሎ ሪፖርት በሚጽፍ ጸሐፊ ተናድጃለሁ፤ ጎማዎቹ ብዙ ከሆኑ ፈነዱ፣ አንድ ከሆነ ጎማው ፈነዳ ይባላል። እነዚህ ሁሉ በጊዜያቸው አልፈውልኛል። አንዱ ግን አልበረደልኝም፤ እርሱም የናይትሮጅን ነገር ነው።

ከኋላ ያቃሰትኸው ማን ነህ? ሁንዴ፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። ታገሥ።

የማነሣው ለወግ ብዬ አይደለም። ሾፌራችን ሙሀመድሰዒድ ዛሬ በመካከላችን ስለሌለ ነው። ከግቢው ታግዶ ቤቱ ተቀምጧል። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጉዳዩን ይሰማል። ክሱ «ጎማው መጉደሉን እያወቀ አየር ሳያስሞላ በመንዳት ተሳቢውን ገልብጧል» የሚል ነው። ኮሚቴው ክሱን ከተቀበለው የነገሩ ስም ቸልተኝነት መሆኑ ይቀርና የኢኮኖሚ አሻጥር ይሆናል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከዚህ ግቢ ወዴት እንደሚወሰድ ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም። ሙሀመድሰዒድ የአራት ልጆች አባት ነው።

«ጋሽ ወልደሚካኤል፣ ይህ የግብዣ ቀን ነው፤ ስለ ፍርድ ጉዳይ ማንሣት ተገቢ ነውን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም እጠይቃለሁ፤ ሌላ ቀን ማን ይሰማኛል? ከነገ ጀምሮ የበሩ ዘበኛ ራሱ «ማንን ፈልገው ነው?» ይለኛል።

ለእንግዶቻችን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የቴክኒክ ክፍላችን ኃላፊ ጓድ ፈቀደ፣ እነሆ ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ትምህርታቸውን ከውጭ አገር ጨርሰው ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። የአውሮፕላን ጎማ በናይትሮጅን እንደሚሞላ አይተው ነበር፤ እኛም በጭነት መኪኖቻችን እንድንሞክረው አሰቡ። በውይይት ክበቡ ጥቁር ሰሌዳ አስቀምጠው በሚገባ አስተማሩን። ጎሚስታችን ሁንዴም እንደ ልማዱ እጁን አወጣ።

«ጓድ ፈቀደ፣ ይኼ ናይትሮጅን የሚሉት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአየር ነው የሚወጣው።»

«እኛ እስከ ዛሬ የምንሞላውስ ምን ነበር?»

«አየር ነዋ። ከመቶው ሰባ ስምንቱ እጅ ናይትሮጅን ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ አብዛኛውን ሳናውቀው ስንሞላ ኖረናል! ታዲያ ሽልማታችን የት አለ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ጓድ ፈቀደም ሳቁ። ከዚያ የቀረው ሃያ ምናምን እጅ ለምን እንደሚያስቸግር አስረዱን። ኦክስጅኑ ጎማውን ከውስጥ ቀስ በቀስ ያስረጀዋል። በኮምፕሬሰር አየር ውስጥ ያለው እርጥበት የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ያዝገዋል፤ ጎማው ሲግልም ግፊቱን ከመጠን በላይ ይለዋውጠዋል። ንጹሕ ናይትሮጅን ደረቅ ነው፤ በጎማው ውስጥም ቶሎ ሾልኮ አይወጣም። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «በጥቂት መኪኖች እንሞክረው። ግፊቱን ግን እንደ ቀድሞው እየለካን ነው።»

እየለካን! ይህን ቃል እኔ ሰምቻለሁ። እናንተ የት ነበራችሁ?

በናይትሮጅን ላይ ያለኝን አስተያየት ልስጥ፤ «ሽማግሌው የሳይንስ ጠላት ነው» ተብሎ ሲወራብኝ ከርሟልና። ናይትሮጅን መጥፎ ነገር አይደለም። ከበረዶ ሰማይ ወርዶ በጋለ አስፋልት ላይ ለሚያርፍ አውሮፕላን አስፈላጊ ነው። ለእኛ መኪኖች ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው። እርጥበቱን ከፈራን፣ በየጠዋቱ ከኮምፕሬሰሩ ሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ይበቃል፤ ይህም ከማንም ፈቃድ አያሻውም። ቀስ ብሎ መሹለኩን ከፈራን ደግሞ፣ የእኛ ጎማ መቼ ነው ቀስ ብሎ የሚሾልከው? የእኛ ጎማ የሚጎድለው በሚስማር፣ ባረጀ ቫልቭ፣ ተለጥፎ ተለጥፎ የሚለጠፍበት ቦታ ባጣ የውስጥ ካላማዳሪ ነው። ሚስማር ሲወጋ ውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

አሞላላችንስ? ናይትሮጅን የሚገባው ካላማዳሪው ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ ግን ባለው አየር ላይ ጨመርንበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደባለቀ ነበር። «ያልተደባለቀ» ብለን የምንኮራበት ነገር በዚህ ግቢ አንድ ቀንም ኖሮ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሊታለፍ የሚችል ነበር። ያላለፈው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ሙከራው ሳይጀመር ዘመቻ ሆነ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ «በጥቂት መኪኖች» የሚለው ቀረና «ጋራዡ በሙሉ» ተባለ። «እየለካን» የሚለው ከነጭራሹ ጠፋ። በናይትሮጅን የተሞላ ጎማ ሁሉ እንዲታወቅ የቫልቩ ክዳን አረንጓዴ ተቀባ። ሾፌሮቻችን በአረንጓዴው ክዳን እንዴት እንደ ኮሩ ታስታውሳላችሁ? ሳሪስ አቦ ገበያ ላይ አረንጓዴ ክዳን ይሸጥ ጀመር፤ የታክሲ ነጂዎች እየገዙ ይገጥሙ ነበር። ክዳኑን ነው የምላችሁ፤ ናይትሮጅኑን አይደለም! ወይዘሮ ጠጄም አንድ ቀን ሻይ ሲቀዱልኝ «ያንን ነገር ለፔርሙሴም ያስሞሉልኝ፤ ሻዬ እየበረደ ተቸገርሁ» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እውነተኛ ችግር የያዘው የእርሳቸው ነበር።

በዚህ ግቢ ከጥንት የነበረ አንድ ልማድ አለ። ማንኛውም ሾፌር ከበር ከመውጣቱ በፊት ከበሩ አጠገብ ከተቀመጡት ዱላዎች አንዱን አንሥቶ መኪናውን ይዞራል፤ ጎማዎቹንም አንድ በአንድ ይመታል። የሞላ ጎማ ዱላውን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ የጎደለው እርጥብ ፍራሽ እንደ መምታት ነው፤ ጥርጥር ያለበት በማኖሜትር ይለካል። ጠዋት ጠዋት ያ ድምፅ ከአቃቂ በሰቃ ስመጣ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ይሰማኝ ነበር። ዘመቻው በተጀመረ ሳምንት ዱላዎቹ ተሰብስበው መጋዘን ገቡ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ ናይትሮጅን አይጎድልም» ተባልሁ።

በዚያው በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ከመድረኩ ትእዛዝ ተሰጠ። ልድገመው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁና። «አረንጓዴ ክዳን ያለው ጎማ መንገድ ላይ አየር አይጨመርበትም። አየር የጨመረበት ሾፌር የሕዝብን ንብረት እንዳበላሸ ይቆጠራል።» በቃል ተነገረ፤ በእጅ ማውጣት ጸደቀ። ማንም አልጻፈውም። እኔ ተነሥቼ መድረኩን ጠየቅሁ።

«ጎማው መንገድ ላይ ቢጎድልስ?»

«ናይትሮጅን አይጎድልም፣ ጋሽ ወልደሚካኤል።»

«ቢጎድልስ አልሁ።»

«ለምን ከሳይንስ ጋር ይጣላሉ?»

ከሳይንስ ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝን? ሳይንስ ያለው «እየለካን» ነበር!

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሰዓትዎን አይመልከቱ። ወደ ዋናው ነገር እየደረስሁ ነው።

ሙሀመድሰዒድ ከአሰብ ማዳበሪያ ጭኖ ይመለስ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ጎማ ተበስቶ መለዋወጫውን ቀይሯል። ሚሌ ሲደርስ ታጁ የሚባል የወሎ ልጅ፣ የመንገድ ዳር ጎሚስታ ነው፣ ሙሀመድሰዒድ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጮኸበት። ይህን ሙሀመድሰዒድ ራሱ ነገረኝ፤ ታጁም በኋላ ለሚያልፉ ሾፌሮቻችን ሁሉ ነግሯል።

«ሙሀመድ! የተሳቢህ የኋላ ጎማ ሞቷል እኮ። ና ልሙላልህ።»

«አረንጓዴ ነው።»

«ቢሆንስ?»

«አየር አይቀላቀልበትም። ታዟል።»

«ያ አላህ! ጎማ እኮ ነው፤ የሐኪም መርፌ አደረግኸው እንዴ?»

«ታጁ፣ ንብረት አበላሸ ቢሉኝ ለልጆቼ አንተ ትደርስላቸዋለህ? ተወኝ። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።»

ቀስ ብሎም ሄደ። የጎደለ ጎማ ግን ቀስ ቢሉትም ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይግላል። ገዋኔ ሳይደርስ በዚያ ፀሐይ ውስጥ ጎማው ፈነዳ። አጠገቡ ያለው ጎማ ጭነቱን ብቻውን አልቻለም፤ እርሱም ተከተለው። ተሳቢው ወደ ቦዩ ዘመመና ተገለበጠ። ሰው አልሞተም፤ ለዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ማዳበሪያው ግን አሸዋ ላይ ፈሰሰ፤ ተሳቢውም እንደምታውቁት ተጣሞ ጓሯችን ተቀምጧል።

ሪፖርቱ እጄ ገብቶ አንብቤዋለሁ። «የአደጋው ምክንያት ሾፌሩ ጎማ ባለማስሞላቱ ምክንያት ስለሆነ» ይላል። አንድ ዐረፍተ ነገር ስንት ምክንያት ይሸከማል? ይህን ታገሥሁት። ያልታገሥሁት በውስጡ የሌለውን ነው። አየር መጨመርን የከለከለው ትእዛዝ የለም። አንድ ቃል የለም! ሰውየውን «አታስሙላ» ብለን አዘዝነው፤ ታዘዘ፤ አሁን «ለምን አላስሞላህም?» ብለን ከሰስነው።

መርማሪዎቹ ስለ ትእዛዙ ሠራተኛውን በተራ ጠየቁ። ምን አላችሁ? «አላስታውስም።» ሁላችሁም! የዛሬ ዓመት ለበዓል የተሰጠ ሥጋ ስንት አጥንት እንደ ነበረው የምታስታውሱ ሰዎች፣ እጃችሁን ያወጣችሁበትን ትእዛዝ አታስታውሱም? ሁንዴ፣ ቀና በል። አንተ በእጅህ ክዳኑን አረንጓዴ ቀብተሃል። ቀለሙ ከጥፍርህ ሳይለቅ ትእዛዙ ከራስህ ለቀቀ?

ምን ትላለህ? ጮክ በል።

«ፈርቼ ነው» ይላል። ሰምታችኋል? ፈርቼ ነው ይላል። ከሁላችሁ አንደበት ከወጣው ይህ ይሻላል። እኔም አልፈራሁም አልልም፤ የምንኖርበትን ዘመን አውቃለሁ። ስብሰባ ያጸደቀውን ስሕተት ነበር ማለት ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ ፍርሃቱ የሁላችን ከሆነ፣ ዕዳው ለምን የሙሀመድሰዒድ ብቻ ይሆናል?

ባለፈው ሐሙስ ባለቤቱ ወይዘሮ ሞሚና ቤቴ መጡ። ይግቡ ብላቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አሉኝ። «ባሌ ውሸታም ነው?»

«አይደለም» አልኋቸው።

«እንዲህ ከሆነ፣ አብረውት ከሚሠሩት ሁሉ እውነት ነው የሚል አንድ ሰው እንዴት ጠፋ? ወላሂ፣ ማታ ማታ ‹ምናልባት እኔ ብቻዬን ሰምቼው ይሆን?› እያለ ራሱን መጠራጠር ጀምሯል።»

ይህን ሰምቼ ምን ልበላቸው? ሰው ባዘዙት ነገር መከሰሱ ሳይበቃ ጆሮውን እንዲጠራጠር ይደረጋል?

በማግሥቱ ኮሚቴው ዘንድ ሄድሁ። ትእዛዙን መስማቴንና ሰኞ ቀርቤ እንደምመሰክር ነገርኋቸው። በትሕትና መለሱልኝ። «ጋሽ ወልደሚካኤል፣ እርስዎ ሰኞ ጡረተኛ ነዎት። በዚያ ላይ ናይትሮጅንን እንደሚቃወሙ ሁሉም ያውቃል። ከእርስዎ ሌላ፣ በሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው ከቃልዎ ጋር ቢቆም ጉዳዩን እንደ ገና እንመረምራለን፤ ካልቆመ ግን…» አሉና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ግን እንዳይጨርሱት ፈለግሁ።

ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ለመሰናበት ብቻ አይደለም። ሰው ፍለጋ ነው።

ጓድ ፈቀደ፤

ይህን በአደባባይ ማንሣቴን ይቅር ይበሉኝ። በቢሮዎ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። የእርስዎን ትምህርት የሚነቅፍ ቃል ከአንደበቴ አልወጣም፤ አይወጣምም። በሰሌዳው ላይ የጻፉት ትክክል ነበር። በጥቂቱ እንሞክር ማለትዎ ትክክል ነበር። እየለካን ማለትዎ ከሁሉም በላይ ትክክል ነበር። የበደልንዎት እኛ ነን፤ ሐሳብዎን ወስደን መፈክር አደረግነው። ያ ትእዛዝ ሲነገር ግን በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። አየር ቢጨመርበት ጎማው ምንም እንደማይሆን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እጅዎን አላወጡም፤ ይህንንም አይቻለሁ። ዝም ብለው ወረቀትዎን አጣጠፉ።

ያን ዝምታ ዛሬ አልከስስም። እርስዎ ወጣት ነዎት፤ ገና ተመልሰው መምጣትዎ ነበር፤ ዝም ማለት የሚጠቅምዎት መስሎዎት ነበር። እኔ የምለምነው ስለ ሰኞ ነው። ሁለት ቀላል ጥያቄዎች አሉ። ትእዛዙ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም? አየር ቢጨመር ኖሮ ጎማው ይተርፍ ነበር ወይስ አይተርፍም ነበር? ኮሚቴው እኔን አያምንም፤ እርስዎን ግን ያምናል። ናይትሮጅንን ወደዚህ ግቢ ያመጣው ሰው «ሾፌሩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው» ካለ፣ ሙሀመድሰዒድን አሻጥረኛ ብሎ የሚጠራ ማን ይኖራል?

ጓድ ሊቀ መንበር፣ እባክዎ አይጎትቱኝ፤ ኮቴ አዲስ ነው።

ምንድን ነው? … ጓድ ፈቀደ፣ ተነሥተዋል። የሚሄዱ ከሆነ በሩ በስተቀኝ ነው፤ የሚናገሩ ከሆነ ግን ዝም እላለሁ።

…

ክቡራትና ክቡራን፣ ከኋላ ያላችሁት አልሰማችሁም። ጓድ ፈቀደ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልን።

«ትእዛዙ ተሰጥቷል። እኔም ነበርሁ። ሰኞ እመጣለሁ» አሉ።

እግዚአብሔር ያክብርዎ። የተናገሩት ሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንድም የሚታረም የለበትም።

ሁንዴ፣ አንተም ቆመሃል? ወንበር ልታነሣ የተነሣህ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ጠጄ፣ እርስዎስ? «ያን ቀን ሻይ ስቀዳ ሰምቻለሁ፤ የሰው ቤት ሲፈርስ ቆሜ አላይም» ይላሉ። ይምጡ፤ ከሁላችንም ቀድመው ይግቡ። እዚያ ጥግ የተነሣኸው ፀሐዩ ነህ? የስምሪት ክፍል ሰው ቢኖርበት መልካም ነው። ተቀመጡ፤ አይቻችኋለሁ። በመንገዴ ወደ ቤት ስገባ የወይዘሮ ሞሚናን በር አንኳኳለሁ፤ ዛሬ ማታ ባላቸው ጆሮውን አምኖ ይተኛ።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ቆጥቼአችኋለሁ፤ ለብዙ ዓመት ቆጥቼአችኋለሁ፤ እናንተም ችላችሁኛል። ከእኔ በኋላ ክፍሉን ለሚረከበው አደራዬ አንድ ነው፤ ጎማውን በናይትሮጅን ሙላው፣ በአየር ሙላው፣ ብቻ ጠዋት ጠዋት ለካው፤ ዱላዎቹንም ከመጋዘን አውጣቸው።

የምታምኑት ፈጣሪ፣ በየስሙ የምትጠሩት፣ ከአሰብ የሚመለሱትን በሰላም ያስገባቸው። የበረሓው ሙቀት ይለዘብላቸው፤ የጣርማ በር ጭጋግ ይገለጥላቸው። ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ከእናንተም ይበልጥ ይማሩ፤ የተማሩትንም የሚሰማቸው ይስጣቸው። በሽታና ክስ ከደጃችሁ ይራቅ። ለእያንዳንዳችሁ፣ በምትከሰሱበት ቀን፣ «ነበርሁ፤ ሰምቻለሁ» የሚል ሰው አይጥፋባችሁ።

ሰኞ ጠዋት በኮሚቴው ደጃፍ ቀድሜ እገኛለሁ። ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው ሲለኝ፣ የእያንዳንዳችሁን ስም እነግረዋለሁ።